የጨዋታ መረጃ መዝጋቢነት ልጀምር ወይስ ይቅርብኝ? ለኮምቦልቻዋ ጠያቂ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ በስታቲስቲክስ የተመረቀች አንዲት የኮምቦልቻ ልጅ፣ የእግር ኳስ ጨዋታን በቪዲዮ እያዩ መረጃ የሚመዘግቡ ጀማሪዎችን የሚፈልግ የውጭ ድርጅት ማስታወቂያ አግኝታለች። ክፍያው በጨዋታ ይታሰባል፤ ሥራው ከቤት የሚሠራ ሲሆን አብዛኛው ሌሊት ነው። «ኳስ ተጫውቼ አላውቅም፣ ማየት ግን እወዳለሁ» ትላለች። አባቷ ደግሞ «ኳስ ማየት መቼ ሥራ ሆነ?» ብለዋታል። ልግባበት ወይስ ይቅርብኝ? ብገባስ ወዴት ያደርሰኛል?

እህቴ፣ ግቢበት። ነገር ግን የምትወጪበትን በር አስቀድመሽ አይተሽ ግቢ። እንዲህ የምልሽ ሥራውን ንቄ አይደለም፤ እኔም በዚሁ ጀምሬ ዛሬ ደሴ ተቀምጬ የሌሎችን ምዝገባ በማረም ነው የምተዳደረው። ሥራው ብዙ ያስተምራል፤ የሚያስተምረው ግን ቶሎ ያልቃል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ድካሙ ነው። ትምህርቱ ሳያልቅ ወደሚቀጥለው ደረጃ የተሻገረ ሰው ይጠቀማል፤ ያልተሻገረ ዓይኑንና እንቅልፉን ሰጥቶ ከዓመታት በኋላም በጀመረበት ክፍያ ይገኛል። ሁለቱንም ዓይነት ሰው በቅርብ አውቃለሁ።

አባትሽን አትቀየሚያቸው። ኳስ ማየት በእርግጥም ሥራ አይደለም፤ መዝጋቢ ደግሞ ጨዋታ አያይም፣ ኳሷን የነካውን እግር ነው የሚከተለው። አንድ አሥር ሰከንድ ወስጄ ላሳይሽ። የቀኝ መስመር ተከላካይ ለአማካዩ ያቀብላል። አማካዩ በአንድ ንክኪ ወደ ክንፍ ይልካል። የክንፍ ተጫዋቹ አንድ ሰው አልፎ ያሻማል፤ ኳሷ የተከላካይ ጉልበት ነክታ ትወጣለች። ሻይ ቤት ተቀምጦ ለሚያይ ሰው የማዕዘን ምት ተገኘ፣ በቃ። አንቺ ግን የመጀመሪያውን ቅብብል ከማን ወደ ማን፣ ከየትኛው የሜዳ ነጥብ ወደ የትኛው እንደሄደ፣ መሳካት አለመሳካቱን ትመዘግቢያለሽ። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ከዚያ ተጋጣሚን ማለፍ አለ፣ የታለፈው ተከላካይ ስምም አብሮ ይያዛል። ከዚያ ያልተሳካ የተሻማ ኳስ፣ ኳሷን ያገደው ተጫዋች፣ የማዕዘን ምቱ ከግራ ይሁን ከቀኝ። ሜዳው በስክሪንሽ ላይ በቁጥር የተከፈለ ነው፤ ኦፕታ የተባለው የጨዋታ መረጃ ድርጅት ርዝመቱንም ስፋቱንም ከ0 እስከ 100 ይከፍለዋል፣ ሌላው ድርጅት ስታትስቦምብ ደግሞ 120 በ80 ይለዋል። እያንዳንዱ ድርጊት የራሱ ነጥብ አለው። ጨዋታው ሲያልቅ እንዲህ ያሉ ወደ 2,000 የሚጠጉ ድርጊቶች በእጅሽ አልፈዋል።

ከሁሉ የሚያናድደው ቴሌቪዥኑ ያለፈውን የግብ ሙከራ ደግሞ ሲያሳይ ነው። ተመልካች ያጨበጭባል፤ አንቺ ደግሞ በዚያው ሰዓት ከስክሪን ውጪ የተወረወረውን የእጅ ውርወራ ማን እንደወረወረው በጭንቀት ትፈልጊያለሽ። ምስሉ ሲመለስ ኳሷ ሦስተኛው ሰው እግር ላይ ናት። የማልያ ቁጥር ባልታየ ጊዜ ተጫዋችን በአሯሯጡ፣ በጫማው ቀለም፣ በካልሲው አሳሳብ መለየት ትለምጃለሽ። በአንድ የውድድር ዘመን ውስጥ ስለማታውቂው አገር ሁለተኛ ሊግ ተከላካዮች ከቤተ ዘመድሽ የበለጠ ታውቂያለሽ። ይህ ምንም የማይጠቅም እውቀት ነው፤ ግን ደስ ይላል፣ አልዋሽሽም።

የሥራው እውነተኛ ጣዕም ያለው መመሪያው ላይ ነው። እያንዳንዱ ድርጅት «ይህ ሲሆን እንዲህ መዝግብ» የሚል ወፍራም መመሪያ አለው፤ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥልጠናም እሱን ማጥናት ነው። ለምሳሌ የግቡን ቋሚ መትታ የተመለሰች ኳስ ዒላማዋን የጠበቀች ሙከራ ተብላ አትመዘገብም። ደጋፊ ይህን ሲሰማ ይበሳጫል፤ መመሪያው ግን የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ግብ ጠባቂው ወይም የመጨረሻው ተከላካይ ባያወጣት ኖሮ ትገባ ነበር ወይ? ቋሚውን የመታች ኳስ ማንም ሳያወጣት ነው ያልገባችው። ከኋላው ሌላ ተከላካይ ወይም ግብ ጠባቂ ያለው ተጫዋች ካገዳት ደግሞ የታገደ ሙከራ ናት፤ እሱም ከዒላማ አይቆጠርም። ኳስ መንጠቅና ቅብብል ማቋረጥም ይለያያሉ፤ በመጀመሪያው ኳሷ ከተጋጣሚ እግር ላይ ትወሰዳለች፣ በሁለተኛው ግን ተጫዋቹ ወዴት እንደምትሄድ አስቀድሞ አንብቦ መንገዷ ላይ ይገባል። ብዙ ሰው የሚከራከርበትን የኳስ ቁጥጥር መቶኛ ብትወስጂ፣ ኦፕታ ለረጅም ዘመን ሲያሰላው የኖረው በሰዓት ሳይሆን በቅብብል ብዛት ድርሻ ነው። ይህን ካወቅሽ በኋላ የስፖርት ጋዜጠኛ «ኳሱን 63 በመቶ ተቆጣጥረው» ሲል በሌላ ጆሮ ትሰሚዋለሽ።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት በምክንያት ነው። አንቺ ስታቲስቲክስ ተምረሻል፤ ክፍል ውስጥ ግን መረጃው ተዘጋጅቶ በሰንጠረዥ ነው የሚሰጥሽ። እዚህ ሰንጠረዡ ሲወለድ ታያለሽ። «ትልቅ የግብ ዕድል» የሚባለውን ምድብ አንዱ መዝጋቢ እጁን ዘርግቶ ሲሰጥ ሌላው ሲቆጥብ ታያለሽ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የደከመ ሰው የመዘገበው ሁለተኛ አጋማሽ ከመጀመሪያው እንደሚሳሳ ታያለሽ። ይህን በዓይኑ ያየ ተንታኝና ያላየ ተንታኝ አንድ አይደሉም።

የሙያው ታሪክም ይህንኑ ይነግርሻል። እ.ኤ.አ. ማርች 18 ቀን 1950 የእንግሊዝ አየር ኃይል ባልደረባ የነበረው የሒሳብ ሠራተኛ (አካውንታንት) ቻርልስ ሪፕ፣ ስዊንደን ታውን ከብሪስቶል ሮቨርስ ሲጫወት በሁለተኛው አጋማሽ እርሳስና ደብተር አውጥቶ የማጥቃት እንቅስቃሴዎችን መጻፍ ጀመረ። ከዚያ በኋላ በአሥርት ዓመታት ውስጥ እጅግ ብዙ ጨዋታ መዘገበ። ምዝገባው የሚደነቅ ነበር። ድምዳሜው ግን አነከሰ፤ አብዛኛው ግብ ከሦስት በማይበልጥ ቅብብል ይመጣልና ኳስ በረጅሙ ይላክ አለ። አብዛኛው እንቅስቃሴ ራሱ ከሦስት ቅብብል እንደማያልፍ በስሌቱ አላስገባም፤ ብዙ ቅብብል ያላቸውን እንቅስቃሴዎች ከቁጥራቸው አንጻር ሲያነጻጽሯቸው ውጤቱ ተገልብጦ ተገኘ። መሰብሰብ አንድ ችሎታ፣ ማሰብ ሌላ ችሎታ ነው። ማስታወቂያው የሚከፍልሽ ለፊተኛው ብቻ ነው፤ ለኋለኛው ራስሽ ጊዜ ማበጀት አለብሽ።

አሁን ወደ ምሬቱ ልሂድ። መጀመሪያ ሌሊቱ። በክረምታቸው የሻምፒዮንስ ሊግ ዋና ጨዋታዎች በእኛ ከምሽቱ 5 ሰዓት ይጀምራሉ፣ ሌሊት 7 ሰዓት ገደማ ያልቃሉ፤ ከዚያ እርማቱ አለ። ይህ ቀላሉ ነው። የብራዚል ሊግ ከደረሰሽ በእነሱ ምሽት 9 ሰዓት ተኩል የሚጀመር ጨዋታ በእኛ ሌሊት 9 ሰዓት ተኩል ላይ ይውላል፤ የሱብሂ አዛን ሲሰማ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ነሽ። በረመዷን አንዳንዶቻችን ሱሁርን በስክሪን ፊት ነው የምንበላው። በዓልም አይታወቅም። የእንግሊዝ ጨዋታዎች ከሁሉ በላይ የሚደራረቡት ከገናቸው ማግስት፣ ከታኅሣሥ 17 አንሥቶ ነው፤ ቤተሰብ ለእኛው ገና ወደ ላሊበላ ጉዞ ሲያሰናዳ «እኔ ሥራ አለኝ» ማለት ይመጣል። የሠርግ ጥሪማ ቅዳሜና እሁድ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ኳሱም እንዲሁ። ቀን ተኝቶ ሌሊት የሚሠራን ሰው ጎረቤት ሥራ ፈት ነው የሚለው፤ ይህንንም ቻዪው።

ክፍያው ላይ ረጋ በዪ። በጨዋታ የሚከፈል ገንዘብ ሲሰሙት ያጓጓል። ጀማሪ ግን የ90 ደቂቃ ጨዋታ በሙሉ ዝርዝር ለመመዝገብ ግማሽ ቀን ሊፈጅበት ይችላል፤ እያቆመ፣ ወደኋላ እየመለሰ፣ መመሪያ እያገላበጠ ነውና። ለምሳሌ ያህል ለጨዋታ 600 ብር ይከፈልሻል እንበልና 6 ሰዓት ቢፈጅብሽ፣ በእርማት ተመልሶ መጥቶ ሌላ 2 ሰዓት ቢወስድብሽ በሰዓት 75 ብር ነው። ከፈጠንሽ ሒሳቡ ይሻሻላል፣ በእርግጥም ትፈጥኛለሽ። ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት የሚጠየቁት እነዚህ ናቸው፤ ሥልጠናው ይከፈልበታል ወይ? ለእርማት ይከፈላል ወይ? በስሕተት ብዛት ተቀናሽ አለ ወይ? በወር ቢያንስ ስንት ጨዋታ ይሰጡኛል? አብዛኞቹ የአውሮፓ ሊጎች በግንቦት አልቀው በነሐሴ ይጀምራሉ፤ ሰኔና ሐምሌ ምን ልትበዪ ነው? ጡረታና የሕመም ፈቃድ የሚባል ነገር በእንዲህ ያለ ውል ውስጥ እምብዛም አይገኝም። በምን ገንዘብ እንደተዋዋልሽም እዪ፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በብር የተዋዋለና በዶላር የተዋዋለ ሰው ልዩነት ሰፍቷል። ገንዘቡ በምን መንገድ እንደሚደርስሽ ለድርጅቱም ለባንክሽም አስቀድመሽ ጠይቂ። አንድ ድርጅት የሠራንበትን ለወራት እያንከባለለ ሲያደርቀን ውላችን ውስጥ የክፍያ ቀን የሚባል ነገር አለመኖሩን ያስተዋልነው ዘግይተን ነው። ለሥልጠና ወይም ለሶፍትዌር «መጀመሪያ አንቺ ክፈዪ» ካሉሽ ደግሞ ማስታወቂያውን ዝጊው፣ ሥራ አይደለም።

መብራትና ኔትወርክ የእኛው ጉዳይ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠ ጊዜ ከቤት በሚሠሩ ሰዎች ላይ የደረሰውን አንቺም አይተሻል። የውጭ አሠሪ ይህን አይረዳም፤ የጎደለ ጨዋታ የጎደለ ጨዋታ ነው። በቀጥታ የሚመዘገብ ሥራ ከሆነ በ76ኛው ደቂቃ መብራት ቢጠፋ ማን እንደሚረከብሽ ይጻፍ በዪ። ለጀማሪ የምመክረው ከጨዋታ በኋላ በቪዲዮ የሚመዘገበውን ነው፤ ፋይሉን ቀን አውርደሽ ማታ ብትሠሪው ኔትወርኩ ቢጠፋም ሥራሽ አይጠፋም። ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ይዘሽ ግን አትጀምሪ።

ሌላው መንገድ ስታዲየም ገብቶ በስልክ መመዝገብ ነው። ይህን ያነሣሁት ወሎ ውስጥ ሜዳ ስላለን ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውና 25 ሺህ ገደማ ተመልካች የሚይዘው የወልድያው የሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አልአሙዲ ስታዲየም፣ ወልድያ በፕሪሚየር ሊጉ ሲጫወት ሲሞላ አይተናል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሊጉ በሱፐርስፖርት ቴሌቪዥን መተላለፍ ሲጀምር ግን ጨዋታዎቹ በተመረጡ ከተሞች ተሰባስበው ሲካሄዱ ቆይተዋል፤ ለእኛ የተረፈው በአብዛኛው የታችኛው ሊግ ነው። የታችኛው ሊግ ምዝገባ ለጤና ጥሩ ነው፣ ለኪስ ግን አይደለም። ጦሳ ተራራ ላይ ያደረ ጉም ደሴ ሜዳ ላይ ሲወርድ የማልያ ቁጥር ፍለጋ ዓይንን ያስለቅሳል። ከኮምቦልቻ መጥተሽ ማታ ሐረጎን በሚኒባስ መውረድም አለ፤ ጨዋታው ቢዘገይ የት ታድሪያለሽ? ይህን አባትሽ ከመጠየቃቸው በፊት አንቺ መልስ ይኑርሽ።

ስለ ስታዲየም ሥራ ዝም ብዬ የማላልፈው ነገር አለ። ለእነዚህ መረጃዎች ትልቁ ገዢ የውርርድ ገበያው ነው፤ ክለቦችና ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ይከተላሉ። ስታዲየም የተቀመጠ መዝጋቢ የሚያየው ቴሌቪዥን ላይ ከሚታየው በሰከንዶች ይቀድማል፤ እነዚያ ሰከንዶች ለአቋማሪ ገንዘብ ናቸው። አንድ ቀን ትሑት የሆነ ሰው መጥቶ «ፍጹም ቅጣት ምት ሲሰጥ ከመመዝገብሽ በፊት አንዴ ደውዪልኝ፣ ሌላ ምንም አልጠይቅሽም» ሊልሽ ይችላል። ወይም ያልተሰጠ የማዕዘን ምት እንድትጨምሪ። ያልተካሄደ ጨዋታ እንደተካሄደ ተመዝግቦ የተወራረዱበት ጊዜም በዓለም ላይ አለ። ለአሠሪሽ ወዲያው ንገሪ፣ የተላከልሽን መልእክት አታጥፊ። በምትመዘግቢው ውድድር ላይ መወራረድ በውልሽ የሚከለከል ነው፤ እኔ ግን ጨርሰሽ ተዪው ነው የምልሽ፤ ወንድምሽ በአንቺ ስልክ እንዳይወራረድም ጠብቂ። ስም የወጣለት ጎበዝ መዝጋቢ በትንሽ ውርርድ ከሙያው ሲወጣ አይቻለሁ።

በሩስ የታለ? በዚሁ መስመር የሚወጡት ደረጃዎች የታወቁ ናቸው፤ ከመዝጋቢነት ወደ አራሚነት፣ ከአራሚነት ወደ አሠልጣኝነትና ቡድን መሪነት። ቦታው ጠባብ ነው፣ ወረፋው ረጅም። አንቺን የሚያወጣሽ ግን የተማርሽው ነው። ስታትስቦምብ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ሃድል ወደተባለው ድርጅት ከመጠቃለሉ በፊት ጀምሮ፣ የብዙ ውድድሮችን ሙሉ የድርጊት መረጃ በነጻ ለቋል፤ የ2018ቱና የ2022ቱ የዓለም ዋንጫ፣ ሜሲ በባርሴሎና የተጫወተባቸው የላሊጋ ጨዋታዎች ሁሉ አሉበት። አውርጂው። ኤክስጂ የሚሉትን፣ ማለትም አንድ ሙከራ ግብ የመሆን ዕድሉ ስንት እንደሆነ የሚገምተውን ስሌት፣ በተማርሽው የስታቲስቲክስ ዘዴ በሎጂስቲክ ሪግሬሽን ራስሽ ሥሪው፤ ከግቡ ያለው ርቀት፣ ማዕዘኑ፣ በእግር ይሁን በግንባር፣ ፍጹም ቅጣት ምት ይሁን አይሁን። ፍጹም ቅጣት ምት በብዙዎቹ ስሌቶች ከ0.76 እስከ 0.79 ይሰጠዋል፤ ያንቺው 0.4 ካለ የሆነ ቦታ ተበላሽቷል። ፓይተን ወይም አር የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ከዳታቤዝ መጠየቂያው ኤስኪውኤል ጋር ከተማርሽ፣ ይህ እውቀት ከኳስ ውጪም ይሸጣል፤ ባንክ፣ ጤና ጥበቃ፣ ቴሌኮም ውስጥ የሚፈለገው ይኸው ነው። በአገራችን ክለቦች የመረጃ ተንታኝ የሚቀጥሩት ገና ጥቂት ስለሆኑ ሕልምሽን በእነሱ ላይ ብቻ አትስቀዪው።

ካሜራው ይተካኛል ወይ ብለሽ ማሰብሽም አይቀርም። በ2022ቱ የዓለም ዋንጫ ከጨዋታ ውጪ (ኦፍሳይድ) መሆንን ለመወሰን የተገጠሙት 12 ካሜራዎች የእያንዳንዱን ተጫዋች 29 የአካል ነጥቦች በሰከንድ 50 ጊዜ ይከታተሉ ነበር፤ ኳሷ ውስጥ ያለው መሣሪያም በሰከንድ 500 ጊዜ ይልክ ነበር። ማን የት እንደቆመ በመመዝገብ ከዚህ ጋር የሚወዳደር ሰው የለም። ያ ንክኪ ለጓደኛ የታሰበ ቅብብል ነው ወይስ እንዲያው ከአደጋ ማራቅ የሚለው ግን አሁንም የሰው ዓይን ይፈልጋል። እንደ እኔ ግምት በትልልቅ ሊጎች የመዝጋቢው ሥራ እየቀነሰ የአራሚው እየጨመረ ይሄዳል፤ አንድ ካሜራ እንኳ በቅጡ የሌላቸው ሊጎች ደግሞ ለብዙ ጊዜ በሰው እጅ ይቆያሉ። ሁለት የውድድር ዘመን ይበቃሻል። በሁለተኛው መጨረሻ አሁንም ጠቅ እያደረግሽ ብቻ ከሆነ ሌላ ሥራ ፈልጊ።

ኳስ አለመጫወትሽ ምንም አያጎድልብሽም። እንዲያውም የተጫወቱት «ለማቀበል አስቦ ነበር» እያሉ የተጫዋቹን ሐሳብ ይመዘግባሉ፤ የሚፈለገው የሆነውን መጻፍ ነው። የምትወጂው ክለብ ካለ የሱን ጨዋታ አትቀበዪ። ኳስን በነጻነት የማየት ደስታሽም እንደሚቀንስ እወቂ፤ የእኔ በከፊል ነው የተመለሰው።

ለማስታወቂያው ከመመለስሽ በፊት ይህን ሞክሪ። የማንኛውንም ጨዋታ የመጀመሪያ 15 ደቂቃ ቪዲዮ ውሰጂ፤ ድርጊት፣ ተጫዋች፣ ደቂቃና ሰከንድ፣ የሜዳ ክፍል ብለሽ በሰንጠረዥ ሙሉውን መዝግቢ፣ የፈጀብሽንም ሰዓት ያዢ። ከሳምንት በኋላ የፊተኛውን ሳታዪ ያንኑ ቪዲዮ እንደገና መዝግቢና ሁለቱን በተማርሽው በኮሄን ካፓ፣ ማለትም ሁለት ምዝገባዎች ምን ያህል እንደሚስማሙ በሚለካው ስሌት፣ አነጻጽሪ። ከራስሽ ጋር ያለሽ ስምምነት ከ0.8 በላይ ከወጣና ሦስተኛ ጊዜ ለመሥራት ካላንገሸገሸሽ ማመልከቻሽን ላኪ፤ ሁለቱንም ሰንጠረዥ አያይዢበት። ለሥራው ከሚያመለክቱት ውስጥ ይህን አያይዞ የሚልክ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።